በትንሹ የሚጀመር የጸሎት ሕይወት፤ ደረጃ በደረጃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐቢይ ጾም ሲገባ ትልቅ ዕቅድ አወጣሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ንጉሥ (ዐሥር መዝሙር)፣ ከዚያ ስግደት። ማታም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት፣ ዘወረደን፣ እንደምንም ዘለቅሁት። በሁለተኛው፣ በቅድስት፣ መንገዳገድ ጀመርኩ። ሦስተኛው፣ ምኩራብ፣ ሲገባ የጸሎት መጽሐፌ ከተቀመጠበት አልተነሣም። የከፋው ግን ዕቅዱን መተዌ አልነበረም። ከማፈሬ የተነሣ አቡነ ዘበሰማያት ማለት እንኳ አቆምኩ።

ፋሲካ ሲቃረብ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ለሁለት ሳምንት አቡነ ዘበሰማያትን ብቻ አድርሺ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ግን የምትዪውን እየሰማሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ቅር አለኝ። ለሕፃን የሚሰጥ ነገር መሰለኝ። ዛሬ ጸሎት መጀመር ለሚፈልግ ሰው ሁሉ የምነግረው ግን ይህንኑ ነው። ትንሽ ይሁን፤ አይቋረጥ፤ ልብ ይኑርበት።

የምጽፈው ባደግሁበት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነው። ወንጌላውያን የጥሞና ጊዜ የሚሉትን የለመደ ሰውም የሚጠቅመውን አያጣበትም።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ

ቤተክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ዳዊት በመዝሙር 118 «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ካለው ጋር ይያያዛል። ነግህ ሲነጋ ነው። ሠለስት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት። ቀትር 6 ሰዓት፣ ጌታ የተሰቀለበት። ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት። ሠርክ 11 ሰዓት፣ ወደ መቃብር የወረደበት። ንዋም የመኝታ ጸሎት ነው። መንፈቀ ሌሊት ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የሐዋርያት ሥራ ውስጥ ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ፣ ጴጥሮስም በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ሰገነት ላይ ሲወጣ፣ ሰዓቱ በእጃችን ላይ ያለው ሰዓት ነው። ማስላት አያስፈልገንም። ቀትር ላይ ስልካችሁን አይታችሁ «6 ሰዓት» ስትሉ የዕለተ ዓርብን ሰዓት እየጠራችሁ ነው።

ሰባቱንም ዛሬ ልጀምር ግን አትበሉ። ሁለት ውሰዱ፤ ነግህንና ንዋምን። ከዚያ ሁልጊዜ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ጠዋት ፊት ታጥቦ ስልክ ከመነካቱ በፊት። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት። «ጊዜ ሳገኝ» የተባለ ጸሎት ጊዜ አያገኝም። ዐሥር ደቂቃ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል።

ቦታ

ሰፊ ቤት አያስፈልግም። ወደ ምሥራቅ የሚያዞር አንድ ጥግ፣ ካለ ሥዕለ አድኅኖ (የጌታ፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ሥዕል)፣ አጠገቡ የጸሎት መጽሐፍ። ነጠላ መልበስ ሰውነትንም ያዘጋጃል። ልብ «አሁን ሌላ ሰዓት ነው» ይላል። ጧፍ ካበራችሁ ሳታጠፉ አትተኙ።

ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ፤ መዝጊያህንም ዘግተህ በስውር ላለው አባትህ ጸልይ» ብሏል። ግን የሚዘጋ በር የሌለው ሰው ብዙ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት የሚኖሩ አሉ። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህትማ መጽሐፍ ገልጣ መቆም የማትችልበት ጊዜ አለ። እልፍኙ ልብ ውስጥም ይዘጋል። ዕቃ እየታጠበ፣ ከንፈር ሳይንቀሳቀስ የተባለ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ሙሉ ጸሎት ነው። በወንጌል ያለው ቀራጭ ከዚህ በላይ አላለም፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በአቡነ ዘበሰማያት ሁለት ሳምንት ቆዩ

አማትቡ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ በሉ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ዝም በሉ። ይህን ዝምታ አትዝለሉት። እኔ ያልዘለልኩበት ቀን ጸሎቱ ሌላ ነው።

ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት። በየሐረጉ ቁሙ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በግእዝ ስለያዝነው በአንድ ትንፋሽ እንጨርሰዋለን። ግእዙን አትተዉት፤ ግን አማርኛውን አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

«አቡነ» ማለት አባታችን ነው፤ አባቴ አይደለም። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜም የብዙ ቁጥር ነው የምናገረው። አንድ ሰሞን ከጎረቤቴ ጋር በጋራ የውኃ ቆጣሪ ሒሳብ ተኳርፈን ነበር። በረንዳ ላይ ስንገናኝ ፊት እንዞራለን። አንድ ጠዋት «አባታችን» ስል እሷም በዚያ «ችን» ውስጥ እንዳለች ታወቀኝ። ግድግዳው ማዶ ቆማ ያንኑ ቃል ትል ይሆናል። ወደሚቀጥለው ሐረግ ማለፍ አቃተኝ።

«ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም።» ለዛሬ የሚበቃ። የቤት ኪራይ በደረሰ ሰሞን ይህን ማለት ይከብዳል፤ ሐሳብ ቀድሞ ወር መጨረሻ ይደርሳል። ያኔ ዛሬ ምን እንደጎደለኝ ስም ጠርቼ እለምናለሁ። ዘይት ከሆነ ዘይት እላለሁ። እግዚአብሔር ፊት ትልቅ ትልቁን ብቻ ማንሣት አለብን ያለን የለም።

«ኅድግ ለነ አበሳነ» ላይ ስትደርሱ የአንድ ሰው ፊት ከመጣባችሁ አትሽሹ። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን አሁን ከልብ ማለት ካልቻላችሁ፣ እንዳልቻላችሁ ንገሩት። እኔ ለጎረቤቴ ቡና ይዤ የሄድኩት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ዳዊትን ጨምሩ

በእኛ መጽሐፍ መዝሙራቱ 151 ናቸው። ዐሥሩ ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል። አባቶችና እናቶች በየቀኑ ከፍለው በሳምንት ይደግሙታል። ለጀማሪ በቀን አንድ መዝሙር በቂ ነው። ከ22፣ ከ50፣ ከ90፣ ከ120 መነሣት ጥሩ ነው። በስልክ የምታነቡ ከሆነ ቁጥሩን አስተውሉ። አንዳንዱ መተግበሪያ በሌላ አቆጣጠር ስለሚሄድ በአብዛኛው መዝሙር ላይ በአንድ ይበልጣል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በእኛ 22 ሲሆን እዚያ 23 ላይ ታገኙታላችሁ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ መስመር ምረጡ። የነካችሁን፣ ወይም ያልገባችሁን። በወረቀት ጽፋችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት። እኔ ማስተንተን የተማርኩት በዚህ ነው። «የሚያሳጣኝም የለም» የምትለውን መስመር ይዤ የወጣሁ ቀን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስንት ነገር እንደጎደለኝ ቆጠርኩ። ታዲያ እንዴት ነው «የሚያሳጣኝ የለም» የሚለው? መልሱን ያን ቀን አላገኘሁትም። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ ከእግዚአብሔር ጋር አዋለኝ።

የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በዚህ ጊዜ መጀመር ይቻላል። ከሰኞ እስከ እሑድ የተከፈለ ስለሆነ ምን ላንብብ ብሎ ማሰብ የለም።

ቀኑን መሐል ለመሐል መያዝ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል። በታክሲ ቤተክርስቲያን ስናልፍ እናማትባለን። እዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፤ የአንድ ሰው ስም። የታመመ፣ ሥራ የፈታ፣ የራቀ። መቁጠሪያ ያላችሁ በ41ዱ ፍሬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ማረን) እያላችሁ ሂዱ፤ የሌላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩ። ረቡዕና ዓርብ ስትጾሙ ረሃቡ ሲሰማችሁ እሱን እንደ ደወል ውሰዱት።

ማታ ቀኑን መመርመር

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ነው። ከመተኛቴ በፊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ አሳልፈዋለሁ። ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ዛሬ ምን ተሰጠኝ? ማንን አስቀየምኩ? የቱ ጋ እግዚአብሔርን ረሳሁት?

የመጀመሪያውን አትዝለሉ። ቶሎ ወደ ጥፋት መሮጥ ይቀናናል። ግን የተሰጠው ካልታየ ጥፋቱም ክብደቱ አይታወቅም። በትንሽ ደብተር አንድ መስመር እጽፋለሁ። «ዝናቡ ቤት ከገባሁ በኋላ ጀመረ።» «እናቴ ስትስቅ ሰማሁ።»

ሁለተኛው ጥያቄ ሥራ ይፈልጋል። አንድ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የቆመች ልጅ ላይ ጮኽኩባት። ፋይሌ የጠፋው በእሷ አልነበረም። ማታ ስመረምር ትዝ አለኝ። «ይቅር በለኝ» ብዬ ልተኛ ስል፣ ነገም እዚያ መስኮት እንደምቆም አሰብኩ። ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ደንግጣ ነው ያየችኝ። የማታው ጸሎት በማግሥቱ እግር ካላወጣ ግማሹ ይቀራል።

መመርመር ማለት ግን ራስን መግረፍ አይደለም። አንድ ነገር እየተመላለሰ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ ብቻችሁን አትያዙት፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ውሰዱት። የንስሐ አባት ከሌላችሁ በአጥቢያችሁ ከቅዳሴ በኋላ ቆዩና አንዱን አባት «የንስሐ አባት ይሁኑኝ ብዬ ነው» በሉ። ደብተሩ ያኔም ይጠቅማል። «ምን ልናገር?» ብሎ መደናገር አይኖርም።

ሲቋረጥና ሲደርቅ

ይቋረጣል። እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ እንቅልፍ ይጥላል። ያለፈውን ልክፈል አትበሉ። የዕዳ ሒሳብ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ይሸሻል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ቀጣዩ ሰዓት ሲደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁሙ።

ሐሳብ ሲበተን አትናደዱ። የመጣውን ሐሳብ ራሱን ወደ ጸሎት አስገቡት። የሥራው ጭቅጭቅ መጣ? ስለ አለቃችሁ ጸልዩ።

ሐዘን ሲሆን ሌላ ነው። ሰው የቀበረ ሰው «ተመስገን» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች። ያን ጊዜ መዝሙር 12ን ግለጡ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይህን ያለው ዳዊት ነው፤ እኛም እንድንለው ነው የተጻፈው። ልቅሶ ላይ ሳላችሁ ደህና ለመምሰል አትድከሙ።

ጓደኛ ያዙ

እሑድ ከቅዳሴ አትቅሩ፤ የግል ጸሎት ብቻውን ይሳሳል። ከዚያ ሌላ አንድ ሰው ያዙ። የእኔ ጓደኛ ቨርጂንያ ነው ያለችው። እሷ ዘንድ ሲነጋ እኛ ዘንድ ቀትር አልፏል። ነግህን አድርሳ ስትጨርስ በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ ወሬ የለውም፣ የሚጸለይላቸው ሰዎች የክርስትና ስም ብቻ ነው። እኔም ማታ የእኔን እልካለሁ። አንዳንድ ቀን ስድስት ሰባት ስም ይመጣል። ትናንት አንድ ብቻ ነበር፤ ወለተ ማርያም። የእናቷ ስም ነው። ምን እንደሆኑ አልጠየቅኋትም። ተነሥቼ ነጠላዬን ለበስኩ።