የሽሮ ሜዳ ልጆች ከትምህርቱ የቀሩበትን ምክንያት እንዴት ፈታን

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ልጆች ሒሳብ በዙም ማስተማር በጀመርን በሦስተኛው ሳምንት፣ ከ11 ልጆች የሚገቡት 2 ብቻ ነበሩ። በኔትወርኩ አሳበብን። አንዲት እናት ጋ ብደውል እውነቱን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ጥምቀት ደርሷል። እሱ ክር ካላጠነጠነ አባቱ ምን ይሸምናል? ፓኬጁንም ቪዲዮው በአንድ ቀን ጨረሰው።»

ቪዲዮውን ተውነው። አሁን ደብተር ላይ በእጅ የሠራነውን ምሳሌ ፎቶ አንስተን፣ ከ5 ደቂቃ የድምፅ ማብራሪያ ጋር በቴሌግራም እንልካለን። ልጁ ክሩን እያጠነጠነ ያዳምጣል። ክፍልፋይን የምናስረዳው በነጠላ ጥለት ነው፤ ያንን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ሌላው ችግር ሰዓት ነበር። መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብለን ጽፈን፣ ልጆቹ ከቀትር በኋላ ስልክ ይዘው ሲጠብቁን ቆይተዋል። እስካሁን ያሳዝነኛል። አሁን በቀጥታ የምንገናኘው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ በድምፅ ብቻ ነው። እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ሲቀየር የምንስተካከለው እኛ ነን፤ አንዴ ከቀኑ 6፣ አንዴ 7 ሰዓት ላይ እንቀመጣለን።

ባለፈው እሑድ 9 ልጆች ገብተው ነበር፤ ከአንደኛው ስልክ የሽመናው መወርወሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር።