ኮድ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል፦ እነዚህን አትሳሳቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። መብራት ካለ ነው እንግዲህ። ልጆቹን የሚያስቸግራቸው ሒሳቡ አይደለም፣ ካፒታልና ስሞል ነው። አይፈረድባቸውም፤ የኛ ፊደል ካፒታል የለውም።

የመጀመሪያው ስህተት «ያው አንድ ፊደል አይደል?» ማለት ነው። ባለፈው አንዱ ልጅ «ትሩ» (እውነት) የሚለውን የፓይተን ቃል በስሞል ቲ ጀመረው፣ ፓይተን እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም ብሎ ቆመ። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቅንፍ ሲቆጥር ቆየ። እሺ፣ በካፒታል ቲ ለመደ እንበል፤ ይሄንኑ ይዞ ጃቫስክሪፕት ወደሚባለው ሌላ ቋንቋ ሲገባ ደግሞ ያው ችግር ይገጥመዋል፣ እዚያ በስሞል ካልሆነ አይሰራም። ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ላይ ግን «ሴሌክት» (ምረጥ) የሚለውን ትእዛዝ በካፒታልም በስሞልም እንደፈለጋችሁ ጻፉት።

ካፒታልን ለማማር ብቻ ማስገባትም አለ። ጎ በሚባለው ቋንቋ የፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ) ስም በካፒታል ከጀመረ ሌላ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌላ የኮድ ጥቅል፣ ሊጠራው ይችላል፣ በስሞል ከጀመረ አይችልም። ፈንክሽኑን በአማርኛ ፊደል ብትሰይሙትስ? ይቀበላችኋል፤ ግን ካፒታል ስለሌለን ከፓኬጁ ወጥቶ አያውቅም።

የፋይል ስም ላይም አትዘናጉ። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ «ሎጎ»ን በካፒታል ኤል ሰይማችሁ ኮዱ ውስጥ በስሞል ብትጠሩት ፎቶው ይመጣል፣ ካፒታልና ስሞልን በሚለይ ሊኑክስ ሰርቨር (ሥራችሁ ለሌሎች የሚቀርብበት ኮምፒውተር) ላይ ስትጭኑት ግን ድራሹ ይጠፋል። ከዚያ «እኔ ጋ ይሰራል እኮ!» ይጀመራል።

በሰው ቋንቋም ቢሆን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ማርች» በካፒታል ወር ነው፣ በስሞል ሰልፍ። ጀርመኖች ስም የሆነውን ሁሉ፣ ወንበሩንም ዳቦውንም፣ በካፒታል ይጀምሩታል።

የመጨረሻው የራሴ ስህተት ነው። እኛ ካፒታል ስለሌለን በአማርኛ ስጽፍ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለካ ሰ እና ሠ አሉ! በግዕዝ ሰረቀ ሌብነት ነው፣ ሠረቀ ደግሞ የፀሐይ መውጣት፤ ዛሬ አብዛኞቻችን ሳንለይ እንጽፋቸዋለን፣ ኮምፒውተር ግን ይለያል። ለጎረቤቴ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ሰርቼላት «ሳሙና» ብዬ ብፈልግ የለም አለኝ። እሷ «ሣሙና» ብላ ነው ያስገባችው።

«አንተ ልጅ፣ የተቀመጥክበት ካርቶን ታዲያ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አሁን ፕሮግራሙ ከመፈለጉ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ ይቀይራል። ለፍለጋ ብቻ ነው ታዲያ። የሰው ስም ከሆነ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ።