ማሳው ቀይ ሆነብን! የቡና ማሳ ልኬት ችግርና መፍትሄ

«ማሳው ቀይ ሆነብን» የሚል ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሞባይሉን ይዞ የዞረው ማነው?» ብዬ ነው። ቀይ ማለት ካርታው ላይ «እዚህ ደን ተመንጥሯል» ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 2023/1115 ከታህሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (በፈረንጅ ዲሴምበር 31 ቀን 2020) በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አልቀበልም ይላል። ወሎ እንደ ጅማና ሲዳማ በጆንያ ቡና የምትጭን አገር አይደለችም። ቢሆንም በወረዳዎቿ፣ ቃሉም ተሁለደሬም አምባሰልም፣ ጓሮው ላይ ቡና ያለው ገበሬ ሞልቷል። ሕጉ የሚጠይቀውን የማሳ ቦታ በስልክ ለክቶ መላክ ሲመጣ ጣጣው እኩል ነው።

የመለኪያ አፑን ስልክ ላይ መጫን፣ ሎኬሽን ማብራት፣ ባትሪ መሙላት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

ማሳው ባሕር ውስጥ ገባ

ላቲቱድ (የሰሜን-ደቡብ ቁጥር) እና ሎንጊቱድ (የምሥራቅ-ምዕራብ ቁጥር) ተገለባብጠዋል። ኮምቦልቻ 11.08 ሰሜን፣ 39.74 ምሥራቅ ላይ ናት። ቁጥሮቹን አገላብጣችሁ ካስገባችሁ ቡናው በሰርዲኒያ ደሴትና በጣሊያን መካከል ካለው ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። ስልኩ ላቲቱድን አስቀድሞ ያሳያል፤ ማሳው የሚላክበት የጂኦጄሰን ፋይል ግን ሎንጊቱድን ያስቀድማል። እኛ አገር 39 ይቀድማል፣ 11 ይከተላል። አለቀ።

ሁሉም ማሳ ተሰልፎ ከ200 ሜትር በላይ ሸሸ

ቁጥሩ የመጣው ከድሮ ካርታ ወይም በአዲንዳን (በድሮው የካርታ መነሻ ልኬት) ከተሠራ የመሬት ፋይል ነው። የኅብረቱ የመመዝገቢያ ሥርዓት የሚቀበለው ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ከኮድ 20137 (አዲንዳን) ወደ 4326 (ደብሊውጂኤስ 84) ቀይሩት። «ሪፕሮጀክት ሌየር» የሚለውን ተጠቀሙ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለው ስሙን ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ቁጥሮቹ ከነበሩበት ንቅንቅ አይሉም።

ማሳዎቹ አንድ ነጥብ ላይ ተደራረቡ

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ከነጥቡ በኋላ ያለውን አሃዝ የሚቆርጠው ኤክሴል ነው። ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያስፈልጋል። ስድስተኛው አሃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት አሃዝ ብቻ ከቀረ ግን ስህተቱ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። በዜሮ ሞልቶ 11.080000 ብሎ መላክ ደግሞ ማታለል ነው፤ ባታስቡትም።

ሁለተኛው ስንፍና ነው። አንድ ቀበሌ ላይ የሠላሳ ምናምን ገበሬ ማሳ እንዳለ አንዲት ዋርካ ሥር አገኘሁት። መዝጋቢው ልጅ ስብሰባው ላይ ስም እየጠራ ዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጦ መዝግቧቸዋል። ለዚህ ሶፍትዌር መፍትሄ የለውም። ተነስቶ መሄድ ነው።

ማሳው ደን ውስጥ ገባ፣ የምንጣሮ ምልክትም መጣ

አብዛኛው የሚደወልልኝ በዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የእኛ ገበሬ ማሳ ትንሽ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፣ 50 በ50 ሜትር በሉት። የደን ለውጥ የሚታይበት የተለመደው የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንዷ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር ናት። ጥማዱ ሦስት ፒክስል እንኳን አይሞላም። ልኬታችሁ 15 ሜትር ወደ ዳገቱ ከተንሸራተተ ሲሶው ገደማ የሌላ ቁጥቋጦ ላይ ወጣ ማለት ነው። እዚያ ዳገት ላይ ከሰል ያከሰለ ሰው ካለ፣ የእሱ ጥፋት በቡናው ባለቤት ስም ይጻፋል።

ቃሉ ውስጥ ገደል ሥር ያለ ማሳ ነበር። ፖሊጎኑን (የማሳውን ዙሪያ መስመር) ስከፍተው እንዝርት ላይ የተጠመጠመ ፈትል ይመስላል። መስመሩ ራሱን ሦስት ቦታ ያቋርጣል። ስፋቱ 0.41 ሄክታር ይላል፤ የይዞታ ደብተሩ ደግሞ 0.25። ለካ መዝጋቢው ልጅ አፑን በየአምስት ሰከንዱ ራሱ እንዲመዘግብ አድርጎ ኪሱ ከቶታል። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ወሬ ይዞ ቆሟል፤ አፑ ቆሞም ይመዘግባል። ገደሉ የሳተላይቶቹን ግማሽ ከልሏል፣ ከድንጋዩ ነጥሮ የሚመጣው ሲግናልም ያሳስተዋል።

ባለቤቱ ሽማግሌ ሼህ ናቸው። «አባባ፣ ድንበሩን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከፊት ከፊት ሄዱ። መጀመሪያ የችካል ድንጋይ፣ ቀጥሎ ዋንዛ፣ ከዚያ የቁልቋል አጥር። አምስት ማዕዘን ነው። እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ደቂቃ ቆምኩ። 0.26 ወጣ፤ ቀዩም ጠፋ። ነገሩን ሳስረዳቸው «ታዲያ ደኑን የጨፈጨፈው ስልኩ ነዋ!» አሉ።

መፍትሄው ይኸው ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ስልኩን አውጥታችሁ ጠብቁ። የስህተት መጠኑ ከ5 ሜትር በታች ሳይወርድ አትነሱ። ስልኩ በእጅ ይያዝ፣ ኪስ ውስጥ አይግባ። በራሱ የሚመዘግበውን አጥፉትና ማዕዘን ላይ ቆማችሁ ራሳችሁ ንኩ። ዛፍ ከከለላችሁ ትንሽ ቆዩ። ሲያልቅ ስፋቱን እዚያው ማሳው ላይ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ፤ ቢሮ ገብታችሁ አይደለም። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ፣ መሃል ላይ ጂፒኤሱን ይገድለዋል። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፉ ብያለሁ!

ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ቢመዘገብም ሕጉ ይፈቅዳል። ነጥቡን ግን ቡናው መሃል ቆማችሁ ውሰዱ። የቤቱ በር ላይ የተወሰደ ነጥብ ቤቱን እንጂ ቡናውን አያሳይም።

ልኬቱ ትክክል ነው፣ ግን አሁንም ቀይ ነው

የጥላ ዛፍ ያለው ቡና ካርታ ላይ ደን መስሎ ይታያል። ካርታው ፍርድ ቤት አይደለም። ቡናው ከታህሣሥ 2013 ዓ.ም. ቀነ ገደብ በፊት እዚያው እንደነበረ በጎግል ኧርዝ የድሮ ምስል አሳዩ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ መልሶ ካቆጠቆጠ ምንጣሮ አይባልም። ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ የባህር ዛፍ ደን ከቀነ ገደቡ በኋላ ተነቅሎ ቡና ከተተከለበት ግን ይባላል። የበጋን ምስል ከክረምት ጋር አታወዳድሩ፤ ብሳና ቅጠሉን ሲያራግፍ የተቆረጠ ይመስላል።

ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ግን መሆን አልነበረበትም

ይሄ ከሁሉም ያስፈራኛል። ገበሬው «በ2014 ተከልኩት» ይላል፤ ልጁም 2014 ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ መስሎት ያሳልፈዋል። በእኛ 2014 ግን ከቀነ ገደቡ በኋላ ነው! ተቃራኒውም አለ፤ አንዱ ወደ ፈረንጅ ቀይሮ የጻፈውን ሌላው እንደገና ይቀይረዋል። ቅጹ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ዓመት ካያችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ በግምት አትሙሉ።

በእውነት ተመንጥሮ ከሆነስ?

ፖሊጎኑን በማውስ ወደ ጎን ጎትቱልኝ የሚሉኝ አሉ። አልጎትትም። ሕጉ ድብልቅ አይቀበልም፤ አንዱ ማሳ ከወደቀ ከእሱ ጋር የተደባለቀው ጭነት በሙሉ ይወድቃል። የዚያ ማሳ ቡና በተለየ ጆንያ ይታሰር፣ ለብቻው ይመዘገብ። ለአገር ቤት ገበያ ይሸጥ፤ ወይም እንደ ወሎ ልማድ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እዚያው ይጠጣ።