ጥጥ መፍተልን በቪዲዮ ጥሪ እንዴት ማስተማር ይቻላል

እናቴ አዲስ አበባ፣ የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ። በመጀመሪያው ቀን ያተረፍነው የተበጣጠሰ ጥጥና ኩርፊያ ነበር። «እንዲህ ነው» ትላለች እናቴ፤ «አየሁ» ትላለች ልጅቷ፤ ክሩ ግን ይበጠሳል። ፈትል የሚታወቀው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው፤ ያንን ካሜራ አያሳይም። ከብዙ ሙከራ በኋላ የተሳካልን እንዲህ ነው።

1. በአስተማሪዋም በተማሪዋም እጅ አንድ ዓይነት ጥጥ ይኑር። ይህ ሳይሟላ ሌላውን አይጀምሩ። ልጅቷ መጀመሪያ የያዘችው ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጥጥ ነበር፤ የተፈጥሮ ሰሙ ስለወጣለት በጣት መካከል እሺ ብሎ አይንሸራተትም። ተዳምጦ ፍሬው የወጣለት፣ ተነድፎም አመልማሎ (ለመፍተል የተዘጋጀ ጥቅል) የሆነ ጥጥ ከእንዝርት ጋር በመንገደኛ ላክንላት። ጥጥ ከመላክዎ በፊት የአገሩን የጉምሩክ ደንብ ይጠይቁ።

2. ካሜራውን ከአስተማሪዋ ትከሻ በላይ ወደ ታች ያዙሩት። ፊት ለፊት ከሆነ ግራና ቀኙ ይምታታል። ነጭ ክር በነጭ ቀሚስ ላይ አይታይምና ጭኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ ያንጥፉ።

3. የመተግበሪያውን የጀርባ ድምፅ መቀነሻ ያጥፉት። የእንዝርቱን ፍርርታ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይውጠዋል፤ ተማሪዋ ግን ፍጥነቱን የምትለየው በጆሮዋ ነው።

4. አስተማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ትፍተል፤ እየፈተለችም ጣቷ የሚሰማውን ትናገር። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ዕድሜ ልኳን የፈተለች ሴት እጇ የሚያውቀውን በቃል ተናግራው አታውቅም። እናቴ መጀመሪያ ሳቀችብን። ከዚያ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ለቀቀችውና ዝም አለች። ቆይታ፣ «ሲስበኝ እለቅለታለሁ፤ መሳቡን ሲተው እንደገና አሾረዋለሁ» አለች። ለአንድ ወር ስንፈልገው የነበረው ይህ ነበር። ልጅቷ ጥጡን ጨብጣ ትይዝ ነበርና፣ «የኔ ልጅ፣ ወጥ ላይ ጨው ስትነሰንሺ እንዴት ትይዣለሽ? እንደዚያ ያዢው» ስትላት ጣቶቿ ወዲያው ላሉ። ምሳሌው ተማሪዋ በየቀኑ ከምትነካው ነገር ይምጣ።

5. «ገባሽ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «አሁን ምን ይሰማሻል? ላላ ወይስ ከረረ?» ይበሉ። እርግጠኛ ካልሆነች አንድ ክንድ ያህል ክር ወጥራ ይዛ ሁለቱን እጆቿን ታቀራርብ። ክሩ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ከተቋጠረ ከርሯል፤ ሳብ ሲደረግ ከሳሳ ደግሞ ላልቷል። የጥጥ ቃጫ ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ አጭር ነገር ስለሆነ አያይዞ የሚያቆመው ክረቱ ብቻ ነው። ለድር ከረር፣ ለማግ ላላ ያለው ይሻላል፤ ለጀማሪ ግን ሁለቱም ያው ነው፣ ብቻ አይበጠስ።

ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ትከሻ ይዝላል።

6. የተፈተለው ወደ አስተማሪዋ ይመለስ። ፎቶግራፍ አይተካውም። የልጅቷ የመጀመሪያ ልቃቂት በመንገደኛ ሲደርስ እናቴ ውሉን ፈልጋ ዓይኗን ጨፈነችና ክሩን በጣቶቿ መካከል ታሳልፍ ጀመር። «እዚህ ጋ ቸኩላለች» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ስልኳ ጠርቷል።»