ጤና ጣቢያን ለክሊኒካል ጥናት ማዘጋጀት፦ ከየት ይጀመራል?

ክሊኒካል ጥናት፣ ማለትም አንድ ሕክምና ለሰው ይሠራ እንደሆነ የሚፈተሽበት ጥናት፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ሆስፒታልና ነጭ ጋውን የለበሰ ፕሮፌሰር ነው። አብዛኛው በሽተኛ ግን እዚያ አይደርስም። ሳል የያዘው፣ ግፊቱ ከፍ ያለው፣ ልጇን ያተኮሰባት እናት መጀመሪያ የሚሄዱት አቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ሆስፒታል የሚደርሰው ወይ በሽታው የጠናበት ነው፣ ወይ ገንዘብና ዘመድ ያለው። በእነዚህ ላይ ብቻ የተሞከረን ሕክምና ለሁሉም ይሠራል ማለት ይከብዳል።

ጤና ጣቢያ ይህን ይችላል ወይ? ይችላል። ቡታጅራ አካባቢ ከ300 በላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተሠርቷል። ገሚሶቹ ክትትላቸው በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ገሚሶቹ ደግሞ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሆነ። ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሌላው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ያንን ጥያቄ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ መመለስ አይቻልም ነበር።

ሥራዬ ጥናት ማስተባበር ነው፤ ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለተመራማሪም፣ ለወረዳ ባለሙያም፣ ጥናት ሊመጣበት ላለ የጤና ጣቢያ ኃላፊም ይሆናል።

1. ጥናቱ ለቦታው ይመጥናል ወይ?

ኃላፊውን «ስንት የስኳር በሽተኛ አላችሁ?» ብትሉት «ብዙ» ይላችኋል። አትመኑት። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ቆጥሮ ስለማያውቅ ነው። ያለፈውን ዓመት የተመላላሽ ሕክምና መዝገብ አውጡና ራሳችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ከቆጠራችሁት ግማሹን እንኳ እንደማታገኙ አስቡ። አንዱ አድራሻ ቀይሯል፣ አንዱ የጥናቱን መስፈርት አያሟላም፣ አንዱ እምቢ ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ጤና ጣቢያ ቀለል ያለ ጥናት ይሻላል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በፖዶኮኒዮሲስ እግራቸው ያበጠ 696 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ሕክምናው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ልዩ ማቀዝቀዣ የለ፣ ውስብስብ ማሽን የለ። ግን ማን በየትኛው ቡድን እንደሚሆን በዕጣ የተመደበበት፣ ሕግና ሥርዓት ያለው ጥናት ነው። ጀማሪን ጤና ጣቢያ በአንዴ አዲስ መርፌና በየሳምንቱ የደም ናሙና ውስጥ መክተት ባይሆን ይመረጣል።

2. ደብዳቤዎቹ

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከክልል ጤና ቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ግድ ነው፤ አዋጅ 1112/2011ን ተመልከቱ። ደብዳቤውን በእጃችሁ ይዛችሁ ዙሩ፤ በፖስታ ይደርሳል ብላችሁ አትቀመጡ።

3. ሥራውን ማን ይሠራዋል?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያየኋቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የተንገዳገዱት በሳይንሱ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው።

በአሠራሩ መሠረት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000፣ የከተማው ደግሞ 40,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ባለሙያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። በማንኛውም ቀን አንዷ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት፣ አንዱ ሥልጠና ሄዷል፣ ሁለቱ ለዘመቻ ወጥተዋል፣ አንዱ አዳር ገብቶ ዛሬ እረፍት ነው። የገበያ ቀን ከሆነማ ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ነው። አንድን ሰው በደንብ አስረድቶ ወደ ጥናት ለማስገባት ግማሽ ሰዓት ቢወስድ፣ በዚያ ሰዓት ነርሷ ስድስት ሰባት በሽተኛ አይታ ትጨርስ ነበር። እነዚያን ማን ያያቸው?

ተመራማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት ጎበዟን ነርስ ነው። ኃላፊውም እንግዳ አክብሮ እሺ ይላል። ከወር በኋላ የቲቢ ክፍሉ ሰው አጥቶ ይገኛል፤ ምክንያቱም ጎበዟ ነርስ እዚያ ነበረች።

ሌላው አማራጭ ከውጭ ነርስ ቀጥሮ አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ፈጣን ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ቅጥረኛዋ ጥናቱ ሲያልቅ ዕውቀቱን ይዛ ትሄዳለች፤ ጤና ጣቢያው ክፍል ከማከራየት ያለፈ ነገር አይተርፈውም። የሚሻለው ተቃራኒው ነው። ጥናቱ የአንድ ነርስ ደመወዝ ይክፈልና ቅጥሯ ነርስ መደበኛውን ተመላላሽ ሕክምና ትሸፍን። የቤቱ ነርስ ደግሞ ጥናቱን ትሥራ። እንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችን በጥናት ሲያሳትፉ ዋናው ነገራቸው ይኸው ነው፦ ጥናቱ ከመደበኛው ሕክምና የወሰደው ሰዓት ይካካሳል። እኛ ጋ በጀት ሲሠራ ይህ መስመር ይረሳል፤ መኪናና ነዳጅ ግን አይረሳም።

ፎካል፣ ማለትም ጤና ጣቢያው ውስጥ ጥናቱን የሚከታተል ባለሙያ፣ ስትመርጡ ሁለት ሰው ያዙ፣ አንድ ዋና አንድ ተጠባባቂ። ዝውውር መምጣቱ አይቀርም። ሁለቱም እኩል ሠልጥነው ካልቆዩ፣ ዋናዋ በተዛወረች ማግስት ጥናቱ ይቆማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በተመዘገበ ሰው ቁጥር አትክፈሉ። «በሰው ይህን ያህል» ከተባለ፣ መስፈርቱን የማያሟላውም እያሟላ ይመጣል፤ እምቢ ሊል የነበረውም ይለመናል። በሥራ ሰዓት ክፈሉ። ደግሞ ለአንዷ ነርስ ብቻ አይሁን።

አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፎካሏ በየወሩ አበል ታገኛለች፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ምንም። ከዚያ የጥናቱ ተሳታፊዎች ካርድ መጥፋት ጀመረ። «ፈልጌ አጣሁት» ነው መልሱ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልተጣላ፤ ካርዱ ብቻ የለም። ለካርድ ክፍሉ፣ ለላብራቶሪው፣ በሩ ላይ ሰው ለሚመራው ጥበቃ ሳይቀር መጠነኛ ክፍያ ተመደበ። ካርዶቹ በሙሉ ተገኙ።

ስለዚህ ማን ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚከፈለው በወረቀት ይጻፍ፣ ኃላፊው ይፈርምበት፣ በጠዋት ስብሰባ ላይ ለሁሉም ይነበብ። የተደበቀ አበል የለም፤ የሚታወቀው በሦስት እጥፍ ተጋኖ ነው። የክፍያ ቀንም አትማሉ። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ በኩል የሚያልፍ ከሆነ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው ፋይናንስ ብቻ ነው።

4. ሥልጠና

የመልካም ክሊኒካል አሠራር ሥልጠና፣ በተለምዶ ጂሲፒ የሚባለው፣ ግዴታ ነው። ሆቴል ወስዳችሁ ሦስት ቀን ስላይድ ከምታሳዩ ግን እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ በእውነተኛው ቅጽ ላይ አለማምዷቸው። አንዱ በሽተኛ ይሁን፣ አንዱ ነርስ። ቅጹ የቱ ጋ እንደሚያደናግር ያኔ ይታያል።

5. ፈቃድ መጠየቅ

ሕዝባችን ሐኪምን ያከብራል። ያከመችውን ነርስ «እምቢ» ማለት ነውር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አንገቱን ነቅንቆ «እሺ» ያለ ሁሉ ገብቶታል ማለት አይደለም።

መላው መልሶ ማስነገር ነው። የፈቃድ ቅጹን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «እናቴ፣ አሁን የነገርኩዎትን ለጎረቤትዎ ቢነግሩ እንዴት ይሉታል?» በሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ። «አልፈልግም ቢሉ እዚህ መታከምዎ ይቀራል?» «ይህ መድኃኒት ከበፊቱ እንደሚሻል እርግጠኛ ነን?» የሁለቱም መልስ «አይ» ነው። «ለኔ የሚሻለውን መርጣችሁልኝ ነው» ካሉ ገና አልገባቸውም፤ እንደገና ጀምሩ። ማንበብ የማይችል ሰው ከሆነ ከጥናቱ ጋር ንክኪ የሌለው ምስክር ይቀመጥ፤ ከዚያ የጣት አሻራ። ቤት ሄጄ ላስብበት ያለ ይሂድ።

ደም የሚወሰድ ከሆነ ወሬው ቀድሟችሁ ይደርሳል፤ «ደማችንን ሊሸጡት ነው» ይባላል። ቱቦውን አሳዩ። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑን ማንኪያውን ይዛችሁ አሳዩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አስቀድመው ካወቁ ግማሹ ወሬ መንገድ ላይ ይቀራል። የጾም ወቅትና ረመዳንንም ከቀጠሮ በፊት አስቡ፤ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ለሚጾም ሰው ጠዋት አይሆንም። ጸበል የሚሄድ ካለም ሳትፈርዱ ጠይቁ፤ እዚያ ሲሰነብት መድኃኒቱን የሚያቆም አለ።

6. ቀን፣ ሰዓትና ስም

ጥናቱን የሚያሠሩ የውጭ ስፖንሰሮች ይህንን ጨርሶ አይረዱትም። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን በፈረንጅ። የጥናቱ ቅጽ በፈረንጅ። ነርሷ ግን በራሷ ቀን ነው የምታስበው። አንድ ሕፃን የተወለደው «03/04/2017» ቢባል ታኅሣሥ ነው ወይስ ኤፕሪል? ሰዓትም እንዲሁ፤ «3 ሰዓት ላይ ዋጠ» ሲባል ጠዋት ነው፣ ስፖንሰሩ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያደርገዋል።

ነርሷ ቀኑን እንድታሰላ አታስገድዷት። ቅጹ ላይ የኢትዮጵያ ቀን የሚጻፍበት ሳጥን ይኑር፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ። ቅየራውን ኮምፒውተሩ ይሥራው። ለቀጠሮ ደግሞ ሁለቱም አቆጣጠር ያለበት ትልቅ የግድግዳ ካላንደር ስቀሉ። ጳጉሜን ላይ ተጠንቀቁ፤ «በወሩ፣ በዚሁ ቀን ተመለሱ» የተባለ ሰው አምስት ወይም ስድስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል።

ስምም አለ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ከበደ ተሰማ እንዳለ አስቡ። የእናት ስም፣ ጎጥና የአንድ ጎረቤት ስልክ መዝግቡ። የራሱ ስልክ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

7. ማቀዝቀዣና መዝገብ

የጥናት መድኃኒትን የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡ፤ የክትባቱ ክፍል ቢፈቅድላችሁም አይሆንም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥ መድኃኒት ካላችሁ የራሱን ማቀዝቀዣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ መጠባበቂያና በራሱ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አምጡ። በእጅ የሚሞላ ሠንጠረዥ ላይ አልተማመንም። የወሩ ቁጥር በሙሉ 4፣ 4፣ 4፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ የእሑዱም ጭምር ተሞልቶ አይቻለሁ። ግቢው ያለ መብራት የዋለበት ቀንም 4 ነው።

ሌላው መዝገብም ያው ነው። የተሳሳተን ነገር በአንድ መስመር ሰርዞ መፈረም እንጂ ፍሉድ መቀባት የለም። ፍሉዱን ከክፍሉ አውጡት፤ ካለ መጠቀማቸው አይቀርም።

ከባድ ጉዳት ከደረሰ፣ ለምሳሌ ሞት፣ ሆስፒታል መተኛት ወይም ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል። የሚደወልበትን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የስልክ ካርዱንም እናንተ ሙሉ።

8. ሲጨረስ

ውጤቱን ጆርናል ላይ ከማየታቸው በፊት ከናንተ ይስሙ። አንድ ጠዋት ሂዱና በአማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ንገሯቸው። ተሳታፊዎቹም የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበሩ ማወቅ ከፈለጉ ይነገራቸው።

የመጣው የግፊት መለኪያ፣ ሚዛን፣ ታብሌት ምን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ተስማሙ። ለጤና ጣቢያው የሚቀር ከሆነ ንብረት ክፍል በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ፣ ይረከበው። ያለ ሞዴል 19 የገባ ዕቃ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ሲጠፋ የሚጠይቀው የለም።