የ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆችን መዝሙር የምታስጠኑ፣ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተውአቸው

ሰኔ ደርሷል፣ የወላጆች ቀን ሊመጣ ነው፣ ደብረ ማርቆስ በሉት ቡሬ በሉት ፍኖተ ሰላም ልጆቹ ከክፍል በኋላ እየቀሩ መዝሙር እያጠኑ ነው። ሰሞኑን አንድ ጥናት ላይ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ያው የድሮው ስህተት ሲደገም አላስቻለኝም።

"ጮክ በሉ! አይሰማም!" የሚለው ነው። ኧረ ተው ጎበዝ! ልጁ ጮክ በል ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ የአንገቱ ስር እስኪገተር መጮህ። ሲጮህ ደግሞ ጎኑ ያለውን ልጅ አይሰማም፣ ካልሰማ ከዜማው ይወጣል፣ አርባ ልጅ እንዲህ ሲሆን መዝሙር ሳይሆን የእረፍት ሰዓት ሜዳ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ የኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ልጆቹ ከዝናቡ ጋር ይፎካከራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሾቹ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ መዝሙሩን አቁሙት፣ ምቱን በጭብጨባ ያጥኑ፣ መድረክ ላይ አገባብና አወጣጣቸውን ይለማመዱ። ድምፅ ሩቅ የሚደርሰው አፍ ሲከፈትና ቃሉ ጥርት ሲል ነው። እኔ የማደርገው ግማሾቹን ሜዳው ጫፍ ልኬ ግማሾቹ ይዘምራሉ፣ ከዚያ የሄዱት ተመልሰው የትኛው ቃል እንዳልደረሳቸው ይናገራሉ። ከጓደኛቸው ሲሰሙት በአንድ ቀን ያስተካክሉታል።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የመጀመሪያው ስንኝ ሸጋ ሆኖ መጨረሻው ጥሬ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከመጨረሻው ስንኝ ጀምሩ።

ጥብቀትና ላልተት። ዜማው ቃሉን ሲጎትተው የሚጠብቀው ፊደል ይላላል፣ እኛም ግጥሙን ስለምናውቀው አይሰማንም። አንድ ዓመት ለትምህርት ቤታችን በሠራነው መዝሙር ውስጥ "ሰፊ ነው ሜዳችን" የሚል ነበረ፣ ልጆቹ "ፊ"ን አላልተው ሜዳው ልብስ ሰፊ ሆነ፣ ወላጅ ሁሉ ሳቀ፣ ከፊት የቆመችው ልጅ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሰማው አላስተካከልኩትም። ከልጆቹ መሀል አብነት ትምህርት ቤት የገባ ካለ እሱን አዳማጭ አድርጉት፣ የግዕዝ ንባብ ሲማር ተነሽና ወዳቂ (የቃሉ ድምፅ የሚነሣበትና የሚወድቅበት አነባበብ) እያለ ጆሮው ተስሏልና ወዲያው ይይዘዋል። ሌላው ደግሞ ረጅሙን ድምፅ ሳድስ ላይ አታስቀምጡት፣ "ምድር" ላይ ምኑ ይጎተታል? ዜማውን ትንሽ አሸጋሽጉት።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ድምፁ እየተሰበረ አስቸገረኝና "አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ" አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም። እስካሁን ይቆጨኛል። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል (ያው ድምፅ በወፍራሙ እስኪደገም ድረስ) ይወርዳል፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ጥፋት አይደለም። አሁን እያንዳንዱን ወንድ ልጅ ለብቻው ጠርቼ የትኞቹ ድምፆች ሳይጨነቅ እንደሚወጡለት እሰማለሁ፣ አራት አምስት ካሉት ይበቃዋል፣ ተቀባይ አድርጌ አዝማቹን ዝቅ ባለው ድምፅ አሲዘዋለሁ። በትዝታ ቅኝት የተሠራ መዝሙር ከሆነ ደግሞ በጣም ይመቻል፣ የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ጠባብ እርምጃ (በጣም የተቀራረቡ ድምፆች) ስላለው ጀማሪ ልጅ ይንሸራተትበታል፣ ለዚህ ዕድሜ አልመክርም።

መነሻውን ድምፅ ከራሳችሁ ጉሮሮ አትስጡ፣ በተለይ ወንድ መምህራን፣ ሴቶቹ ልጆች ታች ወርደው ይታፈናሉ። ከክራር ወይ ከኪቦርድ ስጧቸው፣ ሲጨርሱም ያንኑ ድምፅ ምቱትና ምን ያህል እንደወረዱ ራሳቸው ይስሙት።

ሞንታርቦና ማይክ ካለ ደግሞ ልጆቹ በበዓሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳያዩት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ይዘምሩበት። የራሳቸው ድምፅ ከስፒከሩ ሲመለስባቸው ደንግጠው መሀል ላይ ዝም ያሉ ልጆች አይቻለሁ።