የሸራ ጀልባችሁን ነካክታችሁ የተሻለ የውድድር ቁጥር ለማግኘት፦ ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር

እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል አጠገብ ነን። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ። ወፎቹ የአሳ አንጀት እስኪጣል ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ደግሞ ሸራ እንዘረጋለን። ያየን ሁሉ ይስቃል። "ምነው፣ ሞተር ገዝታችሁ አትገላገሉም?" የሚለን አይጠፋም።

ሦስቱ ጀልባዎች ለየቅል ናቸው። የኔዋ አናጢ በኮምፔንሳቶ የሠራት፣ 4 ሜትር የምትሆን ናት። የአንዱ ጓደኛዬ ሌዘር የሚባለው የታወቀ የውድድር ጀልባ ነው። ሌዘር አሁን ስሙ ተቀይሮ አይኤልሲኤ ይባላል። ሦስተኛዋ ሸራ የተጨመረላት ከባድ የአሳ ጀልባ ናት። እኩል አስነስተን ቀድሞ የገባ አሸነፈ ብንል ሁሌም ሌዘሩ ነው። ስለዚህ ባህር ያላቸው አገሮች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ወሰድን። ሃንዲካፕ ይባላል፤ እኛ የማካካሻ ቁጥር እንለዋለን። ለእያንዳንዱ ጀልባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የገባበት ሰዓት በዚያ ቁጥር ይታረማል።

ይሄኔ ነው ጨዋታው የሚጀምረው። ቁጥር ካለ፣ ቁጥሩን የሚያሻሽል ሰው አለ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

እንግሊዞች ፖርትስማውዝ ያርድስቲክ የሚሉት ለትንንሽ ጀልባ በጣም ቀላሉ ነው። የገባችሁበትን ሰዓት በሰከንድ ጻፉ። በ1000 አባዙ። በጀልባችሁ ቁጥር አካፍሉ። የታረመው ሰዓት ያ ነው፣ ትንሹ ያሸንፋል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጀልባው ዘገምተኛ ነው ማለት ነው፤ ሰዓቱም ይቀነስለታል። ትልቁን ሸራ የሰቀለ ሌዘር ቁጥሩ 1100 ገደማ ነው።

የኔ ጀልባ የማንም መዝገብ ላይ የለችም። የአናጢ ሥራ ናትና። እንዲህ ላለችው ቁጥሩን ራሳችሁ ታወጣላችሁ። ቁጥሩ ከሚታወቅ ጀልባ ጋር አምስት ዙር ያህል ተሽቀዳደሙ፣ አማካዩን ውሰዱ። ሌዘሩ በ60 ደቂቃ የሚጨርሰውን እኔ በ70 ደቂቃ ጨረስኩ። 1100 ሲባዛ በ70፣ ሲካፈል ለ60፦ 1283። የኔ ቁጥር ይቺ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። ቁጥር በሚወጣበት ቀን እንደታመመ ሰው እየተጎተቱ ሄዶ ትልቅ ቁጥር መውሰድ ይቻላል። አታድርጉት። ጓደኛ ታጣላችሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ይነቃባችኋል።

ደንቡ የሚያየውንና የማያየውን ለዩ

ጀልባውን በመዶሻ ከመንካታችሁ በፊት ይህን ወረቀት ላይ አስፍሩ። የማካካሻ ደንቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ጀልባውን ይለካል፦ ርዝመት፣ ክብደት፣ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት፣ የሸራ ስፋት፣ ሞተር ካለው የፕሮፔለሩ ዓይነት። አይአርሲ እና ኦአርሲ የሚባሉት የትልልቅ ጀልባ ደንቦች እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት በዋናነት ውጤት ያያል፤ ጀልባዎች በእውነት ውሃ ላይ ምን ያህል እንደሄዱ። ፖርትስማውዝ እዚህ ይመደባል። የአሜሪካኖቹ ፒኤችአርኤፍም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ ማካካሻውን ለአንድ የባህር ማይል ስንት ሰከንድ እያለ መስጠቱ ነው።

ሁለቱም ብዙ ነገር አያዩም። የጀልባው ሆድ ልስላሴ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ዕቃው የት እንደተቀመጠ አይገባም። የገመዱ ማርጀት አይገባም። እንግዲህ ሥራችሁ ሁለት ነው፦ ደንቡ ከማያየው ቦታ ፍጥነት መልቀም፣ ደንቡ አብዝቶ ከሚቆጥረውና እናንተን ብዙም ከማይጠቅማችሁ ቦታ ደግሞ ትንሽ መልቀቅ።

ሁለተኛው አደገኛ ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚያ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ሆዱን አለስልሱ

ነፃ ፍጥነት ያለው ከውሃ በታች ነው። ጀልባውን ገልብጣችሁ በሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጡ። በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ ዓይን የማያየውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል። ጎድጓዳውን በመኪና ስቱኮ ሙሉ። ስቱኮ ግን ራቁቱን ውሃ ውስጥ መቆየት አይወድም፣ እርጥበት ይመጣል፤ ላዩን በደንብ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት ያዙ። በ240 ጀምሩ፣ በ400 ቀጥሉ፣ በ600 ጨርሱ። ወረቀቱን በቀጥተኛ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። በጣት ብቻ ከፈተጋችሁ ማዕበል ትሠራላችሁ።

ከጀልባው ሆድ ወደ ውሃው የሚወርደው ሳንቃ፣ ሴንተርቦርድ የሚሉት፣ እና የኋላው መሪ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋሉ። የፊት ጠርዛቸው እንደ እንቁላል ክብ ይበል። የኋላ ጠርዛቸው ይቅጠን፣ ግን እንደ ቢላ አታሹሉት። ወደ 2 ሚሊሜትር ተዉለትና ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። አናጢዬ ይህን ስነግረው "ለእንጨት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ሚስት አያገባም" አለኝ። ሠራው ግን፣ አሳምሮ።

ሳንቃው የሚወርድበት ቀዳዳም አለ። ውሃ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይዞራል፣ ይይዛችኋል። አሮጌ ካላማዳሪያ በረጅሙ ቁረጡ፣ በቀዳዳው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቁራጭ ዘርግታችሁ ጠርዙን በማጣበቂያና በቀጭን ልጥ ያዙት። ሳንቃው ሲወርድ ሁለቱ ጎማዎች ከንፈር ለከንፈር ይገጥማሉ። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። በኔ ጀልባ ላይ ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ የመለሰልኝ ይሄ ነው።

ክብደት

ጀልባውን በእህል ነጋዴ ባስኩላ መዝኑ። ደረቅ መሆን አለበት። በውሃ አርሶ አስመዝኖ "ከባድ ነኝ፣ ማካካሻ ጨምሩልኝ" ማለት ቅቤ ውስጥ ሙዝ እንደመጨመር ነው።

የእንጨት ጀልባ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ ስታወጡት ገልብጣችሁ በጥላ አቆዩት። አሮጌ ቀለም ሽፋን በሽፋን ተደራርቦ ከሆነ ፍቁት፣ የምታወርዱት ኪሎ ይገርማችኋል። የቀረውን ዕቃ፣ መልህቁን፣ ውሃ መጠጫውን፣ መቅዘፊያውን ወደ መሃል ሰብስቡ። ጫፍና ጫፍ ላይ ያለ ክብደት ጀልባው በሞገድ ላይ እንዲወዛወዝ ያደርጋል። ነፋሱ ደካማ ሲሆን እናንተ ራሳችሁ ትንሽ ወደፊት ተቀመጡ፤ የጀልባው ቂጥ ከውሃው ይነሳል፣ የሚጎትተው ውሃ ይቀንሳል።

ሞተር ያለው ደግሞ ሲወዳደር ሞተሩን ከውሃ ያውጣ። ከውሃ የማይወጣ ቋሚ ፕሮፔለር ካላችሁ ደንብ አውጪው ይወቅ፤ ብዙ ደንቦች ለዚህ ማካካሻ ይሰጣሉ።

ሸራ፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ

ውጭ አገር ቁጥር ማሻሻል ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሸራ መቀነስ ነው። ትልቁን የፊት ሸራ ትቶ በትንሹ መወዳደር፣ ወይም ከነፋስ ጋር ሲኬድ እንደ ፊኛ የሚነፋውን ስፒናከር ሙሉ በሙሉ መተው። አይአርሲ ላይ ያለ ስፒናከር ለሚወዳደር የተለየ ቁጥር አለ። ሁለት ሰው ብቻ ለሚነዳው ጀልባ ደህና ምርጫ ነው።

እኔም ይህን ሰምቼ 7 ካሬ ሜትር የነበረውን ሸራዬን ወደ 6 አስቆረጥኩ። ድንኳን ሰፊው ጋ ወስጄ፣ ከፍዬ። ጓደኞቼ ተመካክረው ቁጥሬን ከ1283 ወደ 1310 አሳደጉልኝ። ሒሳቡን ሠራሁ። ብዙ ጊዜ የምጨርሰው በ71 ደቂቃ ነበር። በአዲሱ ቁጥር 90 ሰከንድ ብዘገይ እንኳ የታረመው ሰዓቴ አይለወጥም። ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ 80 ደቂቃ ፈጀብኝ። የ90 ሰከንድ ስጦታ ተቀብዬ ዘጠኝ ደቂቃ ከፈልኩ። ታንኳ የሚቀዝፍ ልጅ አልፎኝ ሄደ፣ ዞሮም "ጋሼ፣ ልጎትትህ?" አለኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቆይቶ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው አየር ወደ 18 በመቶ ይሳሳል። ሸራን የሚገፋው አየር ነው፤ የሳሳ አየር በዚያው ፍጥነት ቢነፍስም ግፊቱ በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃው ግን እንደዚያው ነው፣ መጎተቱን አልቀነሰም። አንድ ነገር ላወዳድርላችሁ። ሌዘር በአንድ ዓይነት ሆድ ላይ የተለያየ ሸራ ይገጠምለታል። ትልቁ 7.06 ካሬ ሜትር ነው፣ መካከለኛው 5.76። ልዩነቱ 18 በመቶ። ሀዋሳ ላይ ትልቁን ሸራ የሰቀለ ሰው ባህር ላይ መካከለኛውን እንደሰቀለ ነው ማለት ነው። ከፍታው አስቀድሞ ሸራችንን ቆርጦብናል። እኔ ሄጄ ደግሜ ቆረጥኩት።

ስለዚህ እዚህ ሐይቅ ላይ ሸራ አትቀንሱ። ቁጥሮቹ የወጡት ባህር ጠለል ላይ ለሚሄድ ጀልባ ነው። እንዲያውም ትንሽ ሸራ ጨምሮ ቁጥር መክፈል ሊያዋጣ ይችላል፣ በተለይ ለከባዷ የአሳ ጀልባ።

ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን ስሌት ሥሩ፦ የተለመደ ሰዓታችሁን በአዲሱ ቁጥር አባዙ፣ በአሮጌው አካፍሉ። የሚወጣው ሰዓት ጣሪያችሁ ነው። ከዚያ በላይ ከፈጀባችሁ ለውጡ ኪሳራ ነው።

ጀልባችሁን ለደንብ ብላችሁ አታበላሹ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይኦአር የሚባል ደንብ ነግሦ ነበር። ጀልባውን በተወሰኑ ነጥቦች ላይ ይለካል። ንድፍ አውጪዎች ታዲያ ልክ በነጥቦቹ ላይ ጉብታ መሥራት ጀመሩ፣ ሜትሩን ለማታለል። ደንቡ ጽኑ ሆኖ የሚቆምን ጀልባ ይቀጣ ስለነበር ጀልባዎች ለመዘንበል ቀላል እየሆኑ መጡ። በ1979 ፋስትኔት በሚባለው የእንግሊዞች የረጅም ርቀት የባህር ውድድር ላይ ማዕበል መጣና 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የዘመኑ ጀልባዎች ጽናት ብዙ ጥያቄ ተነሳበት።

ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ማዕበል የለም። ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በድንገት ይነሳል፣ ሐይቁም በጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ነው። ጀልባውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ከታች ያለ ክብደት፣ ቁጥር ለማግኘት ብላችሁ፣ አታውጡ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ይታጠቅ፣ ዋና ብትችሉም። ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ጉማሬ አለ፤ የውድድር መስመራችሁን ከዚያ አርቁ። ከመረብም ራቁ። መረብ መሪያችሁን ይይዛል፤ ከተቀደደ ደግሞ የተቀደደው የሰው እንጀራ ነው።

አንድ በአንድ፣ በግልጽ

በአንድ ሳምንት አንድ ለውጥ ብቻ አድርጉ። ሆዱንም ካላማዳሪያውንም ሸራውንም አንድ ላይ ከነካካችሁ የቱ እንደጠቀመ አታውቁም። ደብተር ይኑራችሁ፦ ቀን፣ ነፋስ፣ የሌዘሩ ሰዓት፣ የኔ ሰዓት። የለወጣችሁትን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ። ደንቡ የሚቆጥረው ነገር ከሆነ ቁጥሩ ይስተካከል፣ ካልሆነ እነሱም ይቅዱት።

ድንኳን ሰፊው የቆረጠውን መልሶ ቀጠለልኝ፣ ስፌቱ ያስቃል ግን ይሠራል። ቁጥሬ ወደ 1283 ተመለሰ። ከካላማዳሪያውና ከብርጭቆ ወረቀቱ በኋላ 71 ደቂቃዬ 69 ተኩል ሆነ። ባለፈው ሌዘሩ በ60 ደቂቃ ገባ፣ ሲታረም 3273 ሰከንድ። የኔ 3250። በ23 ሰከንድ አሸነፍኩ፣ ቡናውን እነሱ ከፈሉ።

እንዳልኳችሁ፣ በውጤት የሚሄድ ደንብ ዝም ብሎ አያይም። ቡናውን እየጠጣን ደብተሩን ገልጠው፣ ቁጥሬ ከ1283 ወደ 1270 ይውረድ የሚል ክርክር ጀመሩ። እኔም የሚቀጥለው እሑድ ሳይደርስ መሪውን ለመፈተግ አወረድኩት።